ግርማ ሳይመልስ የተወው የቻርቫካ ምዕራፍ

ውዴ ግርማዬ፣

ከተለያየን አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሞላ። ሰው ሁሉ «ውሎ ሲያድር ይቀልልሻል» ይለኝ ነበር። እኔ ግን መቀመጥ አቃተኝ። ከሥራ ስመለስ ኮቴን ሳላወልቅ ከሳሎን ወደ ኩሽና፣ ከኩሽና ወደ ጋራዥ እመላለሳለሁ። ምግብ ማይክሮዌቭ ውስጥ አሙቄ እዚያው እረሳዋለሁ። ሩት «ማሚ፣ ፕሊስ፣ ጀስት ሲት» ትለኛለች። እቀመጣለሁ። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ተነሥቼ ቀጥ ብሎ የተሰቀለውን መጋረጃ አቃናለሁ። ይህን ደብዳቤ እንኳ አንድ ቦታ ተቀምጬ አልጻፍኩትም። ጥቂቱን በምሠራበት ነርሲንግ ሆም ብሬክ ሩም፣ ጥቂቱን መኪና ውስጥ፣ የቀረውን ኩሽና ቆሜ ነው። የእጅ ጽሑፌ ቢለዋወጥብህ ለዚያ ነው።

የቤቱን ወሬ ላስቀድም። ሩት አፓርታማዋን ለቅቃ ላይኛው ክፍል ተመልሳለች። ለእኔ ብላ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እሷ ግን «ለሥራዬ ይቀርበኛል» ትላለች፣ አይቀርባትም። ደጃፋችን የነበረውን ትልቁን ዛፍ ትል ገብቶበት ነበርና የከተማው ሰዎች መጥተው ቆረጡት። ሳሎኑ አሁን ከልክ በላይ ብርሃን ነው፣ አልለመድኩትም። የቤት ማሞቂያው ፈርነስ ተቀይሯል። ደግሞ የማታምነውን ልንገርህ፤ ሃይዌይ ድራይቭ ማድረግ ጀምሬያለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ «እኔ በውስጥ መንገድ ብቻ» እያለች ስትስቅባት የኖርክባት ሴትዮ ዛሬ ከትላልቅ ትራኮች ጋር ተሰልፋ ትሄዳለች። እጄ መሪው ላይ ያልበዋል፣ ግን እሄዳለሁ።

ለምን እንደጀመርኩ ለመናገር ስለ ሰባተኛው ደብተርህ ማንሣት ግድ ነው። እስከ ዛሬ ሸሽቼው ነበር። ይህን ደብዳቤ ሌላ ሰውም እንዲያነበው ስለምፈልግ አንተ የምታውቀውንም እጽፋለሁ፣ ታገሠኝ።

ጎባ ሁለተኛ ደረጃ ስትማር ሒሳብ ያስተምሯችሁ የነበሩት ህንዳዊ መምህር ከክፍለ ጊዜያቸው መጨረሻ ላይ አምስት ደቂቃ ቆንጥረው ስለ አገራቸው ፈላስፎች ያወሯችሁ ነበር። ሌሎቹ ልጆች ደወሉን ይጠብቃሉ፣ አንተ ግን እነዚያን አምስት ደቂቃዎች ትጠብቅ ነበር። ከዚያ ኑሮ መጣ፣ ሥራ መጣ፣ ስደት መጣ። እዚህ አገር አረጋውያንን ወደ ክሊኒክ የሚያመላልስ ቫን ስትነዳ፣ አንድ ጠዋት ኩን ራፒድስ ከሚባለው ከተማ ካለ ቤት አንድ ሽማግሌ ህንዳዊ ባለቤታቸውን በዊልቸር ይዘው ወጡ። ወደ ዳያሊሲስ፣ ወደ ኩላሊት እጥበት ነበር የሚሄዱት። የዊልቸሩን ቀበቶ አጥብቀህ ቀና ስትል በጠራ አማርኛ «እግዜር ይስጥልኝ» አሉህ። ሚስተር ናያር ነበሩ፤ በወጣትነታቸው አሰላ ላይ ፊዚክስ ያስተማሩ።

ባለቤታቸው ካረፉ፣ አንተም ጡረታ ከወጣህ በኋላ፣ ረቡዕ ረቡዕ ከምሳ በኋላ እሳቸው ቤት መሄድ ጀመርክ። ተከራክረህ ትመጣለህ፣ የተከራከርከውን በአማርኛ ትጽፋለህ። ደብተሩ አንድ ነበር፣ ሦስት ሆነ፣ ሰባት ሆነ። እኔ የተማርኩት እራት በልተን አንተ ሳህን ስታጥብ፣ እኔ ሳደርቅ ነው። ህንዶቹ ብዙ የፍልስፍና ወገን አላቸው አልከኝ። ስድስቱ ቬዳ የሚባሉትን የጥንት ቅዱሳት መጻሕፍት ሥልጣን የሚቀበሉ ናቸው፣ አስቲካ ይባላሉ። ቡድሃን የተከተሉት፣ ጃይኖቹ፣ ቻርቫካዎቹና ሌሎችም አይቀበሉም፣ ናስቲካ ይባላሉ።

«የእንግሊዝኛ መጻሕፍት የመጀመሪያዎቹን ኦርቶዶክስ፣ የኋለኞቹን ሄትሮዶክስ ይሏቸዋል» አልክና እጅህ አረፋ እንደሆነ ሳቅህ መጣ።

እኔም ሳቅኩ። በእኛ ቤት ኦርቶዶክስ ማለት እናትህ ነበሩ። ጴንጤዋን እኔን ልታገባ ስትል ሦስት ቀን እህል ያልቀመሱት፣ ደጃፍ ቆመው «ልጄ መናፍቅ ሊያገባ ነው» ያሉት። በኋላ ወደዱኝ፣ ሲያርፉም እጃቸው እጄ ውስጥ ነበር፤ ያቺ ቃል ግን ከሆዴ ወጥታ አታውቅም። አንተ ይህን ታውቅ ነበር። ሄትሮዶክስ የሚለውን በአማርኛ ለመጻፍ ስትፈልግ መዝገበ ቃላቱ ያቺኑ ቃል ሰጠህ። ደብተሩን ዘግተህ «ይህን ቃል እዚህ ቤት አልጽፈውም» አልክ። ከዚያ በኋላ በሰባቱም ደብተር ውስጥ «ቬዳን የሚቀበሉ» እና «ቬዳን የማይቀበሉ» ብለህ ብቻ ነው የጻፍከው። ረጅም ነው፣ እየደጋገምክ መጻፉ አድክሞሃል። ለእኔ ብለህ እንደሆነ አንድም ቀን አልነገርከኝም።

ሌላ ቀን ደግሞ ሳንኪያ ስለሚባሉት ነገርከኝ። ከስድስቱ አንዱ ናቸው፣ የጥንቶቹ ግን ዓለምን የፈጠረ አምላክ አለ አይሉም አልከኝ። የማድረቂያውን ጨርቅ አስቀመጥኩ።

«ፈጣሪ አለ ካላሉ እንዴት ኦርቶዶክስ ይባላሉ?»

«መጽሐፉን ስለተቀበሉ ነው አስቱ። እዚያ መለኪያው መጽሐፉ እንጂ አምላክ አይደለም።»

ሳምንት ሙሉ አኩርፌሃለሁ። በሳንኪያዎች አልነበረም የተቆጣሁት፤ አንተ የቱ ጋ እንደቆምክ ስላልነገርከኝ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት በትዳር ስንኖር እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ይዘኸኝ መጥተህ የመጨረሻው ወንበር ላይ ትቀመጣለህ። መዝሙሩ ሲያምርህ አንገትህን ትነቀንቃለህ። ሽማግሌዎቹ «ወንድም ግርማ፣ ጌታን መቼ ነው የምትቀበለው?» ሲሉህ «እያሰብኩበት ነው» ትላለህ። ሌላው እንደ ቀልድ ይወስደዋል። እኔ ግን የምርህን እንደሆነ አውቅ ነበር፤ በእውነት እያሰብክበት ነበር።

ከዚያ ያ ሳምንት መጣ። ረቡዕ ከሚስተር ናያር ቤት ተመልሰህ ዝም ብለህ እራትህን በላህ። ሐሙስ ጠዋት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠህ ካልሲህን ስታጠልቅ ወደ ጎን ዘመም አልክ። ስትሮክ ነው አሉን። አራት ቀን ሆስፒታል ተኛህ፣ አራት ቀን አንዲት ቃል አልወጣህም። እጅህን ይዤ «ግርማዬ፣ ጌታን ጥራው፣ በልብህ ጥራው» እያልኩ ነበር። ሰምተኸኝ ይሁን አይሁን አላውቅም። እሁድ ሄድክ።

በለቅሶው ሦስተኛ ቀን ነው ነገሩ የመጣው። ወንድሜ ዳንኤል፣ ያው የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ እንደሆነ ታውቃለህ፣ ለለቅሶተኛ ወንበር ሊያመጣ ወደ ክፍልህ ገባ። ጠረጴዛህ ላይ ሰባተኛው ደብተር ተከፍቶ አገኘው። ሲወጣ ፊቱ አመድ መስሏል። ጓዳ ጠራኝና በሹክሹክታ፣

«እህቴ፣ ይኼን አይተሽዋል? ነፍስ የለችም ብሎ ጽፏል። ሰው ከሞተ አበቃ ብሎ ጽፏል» አለኝ። «ክዶ ነው የሞተው።»

ይህን ሲለኝ እያለቀሰ ነበር። ይወድህ ነበር። ግን ተናገረው፤ ጓዳው ውስጥ ሌላ ሰውም ነበረ፣ ወሬው ወጣ። ከዚያ ወዲያ እሁድ ሲያቅፉኝ አስተቃቀፋቸው ተለወጠ። ባሏ ለሞተባት ሴት ሳይሆን ባሏ ለጠፋባት ሴት የሚደረግ ዓይነት ሆነ። ዳንኤል ደብተሩን እንድጥለው ለመነኝ። መጣል አልቻልኩም። ቤት ውስጥ ማኖርም አልቻልኩም። በፌስታል ጠቅልዬ መኪናዬ ትራንክ ውስጥ ከትርፍ ጎማው አጠገብ አስገባሁትና ወደ ዘጠኝ ወር ገደማ ይዤው ዞርኩ። መኪናዋ ጉድጓድ ስትመታ ከኋላዬ ሲንከባለል እሰማው ነበር።

አንድ ቀን በምሳ ብሬኬ ፓርኪንግ ውስጥ አውጥቼ አነበብኩት። የቻርቫካዎቹ ምዕራፍ ነው። ከላይ «ፑርቫፓክሻ» የሚል የማላውቀው ቃል በቀይ ጽፈሃል። ከዚያ ይጀምራል፦ «ነፍስ አለች ትላላችሁ። ማን አያት? ዓይን ያላየውን፣ እጅ ያልዳሰሰውን በግምት አትጫኑብኝ። ጌሾ ብቻውን አያሰክርም፣ ብቅል ብቻውን አያሰክርም፤ ሲዋሐዱ ግን ስካር ይወለዳል። ሐሳብም ከሥጋ የሚወለደው እንዲሁ ነው። ጠላው ሲደፋ ስካሩ ወዴት ሄደ ብሎ የሚጠይቅ አለ?»

ግርማዬ፣ ድምፅህን ሰማሁት። የሚንቀጠቀጥ፣ የሚያመነታ ድምፅ አልነበረም፤ ሳህን እያጠብክ የምትናገርበት ድምፅ ነበር። ለማንም ያልነገርኩትን ደግሞ ልንገርህ። የፈራሁት ላንተ ብቻ አልነበረም። ለአንድ አፍታ፣ እዚያ ፓርኪንግ ውስጥ፣ እውነት መሰለኝ። ሆስፒታል ውስጥ የያዝኩት እጅ ትዝ አለኝ፣ ሙቀቱ እንዴት እንደወጣ። ጠላው ሲደፋ ስካሩ ወዴት ሄደ? ገጹን ገለጥኩ፣ መልስ ፈለግኩ። የሚቀጥለው ገጽ ባዶ ነው። ከዚያ የሚቀጥለውም። እስከ ደብተሩ መጨረሻ ባዶ ነው።

ሥራ ተመልሼ ገባሁ፤ አንዲት አሮጊት ታካሚዬን ሁለቴ አንድ እግሯን ብቻ አጠብኳት። ሰዓቴ ሲያልቅ ወደ ቤት አልሄድኩም። ፑርቫፓክሻ ማን እንደሆነ ማወቅ ነበረብኝ። የሰው ስም መስሎኝ ነበር፣ ያሳሳተህ ሰው ስም። ኩን ራፒድስ በውስጥ መንገድ እንዴት እንደሚሄድ አላውቅም፤ ስልኩ ሃይዌይ ግቢ አለኝ፣ ገባሁ። ትከሻዬ እስከ ጆሮዬ ወጥቶ፣ ጮክ ብዬ እየጸለይኩ ደረስኩ።

ሚስተር ናያር በሩን ሲከፍቱ ሹራባቸውን ገልብጠው ለብሰዋል። አዩኝና «ግባ፣ ግባ» አሉኝ፤ ከሃምሳ ዓመት በኋላም ወንድና ሴት እንደተምታታባቸው ነው። ኩሽናቸው ውስጥ አስቀመጡኝ። ያንተ ወንበር የቱ እንደሆነ ሳይነግሩኝ አወቅኩት፤ ከመስኮቱ ራቅ ያለው ነው፣ ብርሃን ዓይንህን ስለሚያስቸግርህ።

«ሚስተር ናያር፣ ፑርቫፓክሻ ማነው?» አልኳቸው ገና ሳልደላደል።

ሳቁ፤ ከዚያ ፊቴን አይተው ሳቃቸውን ተዉት። «ሰው አይደለም» አሉኝ። «ፊተኛው ወገን ማለት ነው።»

ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በእንግሊዝኛ አስረዱኝ። የእነሱ ፈላስፋ የራሱን ሐሳብ ከመናገሩ በፊት የተቃዋሚውን ሐሳብ ያቆማል። አሳንሶ ሳይሆን፣ አጣሞ ሳይሆን፣ ተቃዋሚው ራሱ ቢሰማው «አዎ፣ የምለው ይህንኑ ነው» እስኪል ድረስ። መልስ የሚሰጠው ከዚያ በኋላ ነው። አንተ ይህን ስትሰማ ወንበርህን መትተህ ስለ ድሮ ሙግታችን፣ ስለ ተጠየቅ ነግረሃቸው ኖሯል፤ «የእኛ ሰዎች ይህን ቢሰሙ ዳኛ አያስፈልጋቸውም ነበር» ብለሃቸዋል።

«የቻርቫካዎቹ የራሳቸው መጻሕፍት ጠፍተዋል» አሉኝ ሚስተር ናያር። «ዛሬ የምናውቃቸው ተቃዋሚዎቻቸው ለመርታት ብለው ከጻፉት ነው። ከዚያ ውስጥ ደግሞ ብዙው ስድብ ነው። ግርማ ይህ ያንገበግበው ነበር። ‹ሰው እንዴት በጠላቱ አፍ ብቻ ይታወሳል?› ይለኝ ነበር። ስለዚህ ያንን ምዕራፍ እነሱ ራሳቸው እንደሚሉት አድርጎ ሊጽፈው ሁለት ወር ደከመ።»

ክህደት አልነበረም! የሌላ ሰው ሐሳብ ነው! ተነሥቼ ልስማቸው ምንም አልቀረኝም። ከዚያ ግን ባዶዎቹ ገጾች ትዝ አሉኝ።

«መልሱስ የታለ?»

ሚስተር ናያር መነጽራቸውን አወለቁ። በዚያ በመጨረሻው ረቡዕ ዕጣ አውጥታችሁ ኖሯል። የቻርቫካ ወገን ለእሳቸው ደረሰ፣ መልሱ ላንተ። ሦስት መልስ ሞከርክ። እሳቱን ሳናየው በጭሱ እናውቀው የለም ወይ ብለህ ጀመርክ፣ ሦስቱንም እሳቸው ሳይሆኑ አንተው ራስህ ጣልካቸው። «ይኼ እኔን ራሴን አያሳምነኝም» አልክ።

«ጫማውን እያሰረ ‹አንድ ሳምንት ስጠኝ› አለኝ» አሉ ሚስተር ናያር። «እሺ አልኩት።»

ከዚያ ሐሙስ መጣ።

«ታዲያ ግርማ ምን ያምን ነበር?» አልኳቸው። ልመና ነበር፣ ጥያቄ አልነበረም።

«አላውቅም» አሉኝ በእንግሊዝኛ። «ደስ የሚልሽ ነገር ልነግርሽ እችላለሁ። እሱ ግን ይቆጣኛል።»

ያቀረቡልኝን ሻይ ሳልጠጣ ወጣሁ። በእሳቸው ተናድጄ፣ ባንተ ተናድጄ። ቤቴ ክሪስታል ከተማ ሆኖ ሳለ የሃይዌዩን ኤግዚት ስቼ፣ ከዚያም ሆን ብዬ እየሳትኩ፣ ሌክ ስትሪት የሚባል ሩቅ መንገድ ላይ ራሴን አገኘሁት። መብራት ላይ ቆሜ ጮክ ብዬ ሰደብኩህ። «ሠላሳ አንድ ዓመት! ለእሳቸው አንድ ሳምንት ስጡኝ ስትል ለእኔ አንዲት ቃል መተው አቃተህ?» ጎኔ የቆመው ሰውዬ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «ዩ ኦኬ?» አለኝ። አይደለሁም አልኩት በአማርኛ።

ሙት ዓመትህ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ዳንኤል ከእሁድ ጉባኤ በኋላ ቤት መጣ። በፕሮግራሙ ላይ እሱ እንዲናገር ጠይቄው ነበር። ሳይቀመጥ «አስቱ፣ ይቅር በይኝ፣ ቆሜ ‹በጌታ ዘንድ ነው› ማለት አልችልም፤ መዋሸት ይሆንብኛል» አለኝ። ደብተሩን አምጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና ሚስተር ናያር ያሉኝን ሁሉ ነገርኩት። ሩት ደረጃው ላይ ተቀምጣ ትሰማለች።

ዳንኤል ገጹን ገለጠ። ገለጠ። «መልሱ የለም» አለኝ። «መልስ ከሌለው ያው ነው።»

ያኔ ምን እንደገባብኝ አላውቅም። «እሺ ዳኒ» አልኩት። «አንተም እንደነሱ አድርግ። ግርማን ከመፍረድህ በፊት ግርማ ምን እንደነበረ ንገረኝ። እኔ ‹አዎ፣ እሱ ነው› እስክል ድረስ። ከዚያ የፈለግከውን መልስ።»

«ይኼ የልጅ ጨዋታ ነው።»

«ሞክር።»

ተነፈሰ። «ግርማ እግዚአብሔር የለም የሚል ሰው ነበር።»

«አይደለም። አንድ ቀን ሲል ሰምተኸዋል?»

«…አልሰማሁም።» ክራቫቱን ላላ አደረገ። «እሺ። ትምህርት ያኮራው ሰው ነበር። የሰው ጥበብ የሚበልጥበት።»

ሩት ከደረጃው ላይ «ኖ» አለች። «ዛት ኢዝ ኖት ማይ ዳድ።»

ዳንኤል ወንበር ስቦ ተቀመጠ። እኔ እንኳ ሳልነሣ ተቀምጬ ቀረሁ። ከዚያ ዓይኑን ከደብተሩ ሳያነሣ ስለ መጀመሪያ ልጁ መናገር ጀመረ። ታስታውሳለህ፣ በተወለደች በሁለተኛው ቀን የሞተችዋ። ዳንኤል ስለ እሷ በእኔ ፊት ተናግሮ አያውቅም።

«ሁሉም ሰው ምክንያቱን ያውቅ ነበር» አለ። «አንዱ ፈተና ነው ይለኛል። አንዱ እግዚአብሔር ለራሱ ወሰዳት ይለኛል። አንዷ ኃጢአት ካለ መርምር አለችኝ። ጋሽ ግርማ ግን በየቀኑ መጥቶ ልብስ አጥቦ ይሄዳል። አንድ ቀን የላውንድሪው ማሽን አጠገብ ይዤው ‹ጋሽ ግርማ፣ አንተ ታነባለህ፣ ለምንድን ነው?› አልኩት። ‹አላውቅም ዳኒ› አለኝ። እሱ ብቻ ነበር አላውቅም ያለኝ። እሱ ብቻ። ያን ቀን ነው ከሦስት ቀን በኋላ እህል የቀመስኩት።»

ቀና ብሎ አየኝ። «የማያውቀውን አውቃለሁ የማይል ሰው ነበር። ሰው ለማጽናናት እንኳ። ሊዋሽልኝ ይችል ነበር፣ ግን አልዋሸልኝም።»

«አዎ» አልኩት። «እሱ ነው።»

ሩት ደረጃውን ወርዳ መጣች። «ኦኬ፣ አንክል ዳኒ። ናው ዩ ካን አንሰር ሂም።»

ዳንኤል ግንባሩን ደብተሩ ላይ ደፍቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ቆይቶ፣ አፍንጫውን እየጠረገ፣ «አሁንም ግን እፈራለታለሁ» አለኝ። «እኔም» አልኩት። የተስማማነው በዚህ ብቻ ነው ግርማዬ። ግን አብረን መፍራታችን ለብቻ ከመፍራት ተሻለኝ።

በሙት ዓመትህ ቆሞ ይህንኑ ተናገረ፤ ስለ ሕፃኗ፣ ስለ ማሽኑ፣ አላውቅም ስላልከው። በጌታ ዘንድ ነው አላለም፣ ጠፍቷልም አላለም። ሁለት ሰዎች ተነሥተው ወጡ። ሚስተር ናያር አንተ የምትቀመጥበት የመጨረሻ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ዳንኤል ሲጨርስ ጭንቅላታቸውን ዝቅ አደረጉ። ከዚያ ወዲህ ዳንኤል መድረክ ላይ አልወጣም። ስጠይቀው «ለጊዜው አረፍ በል ብለውኛል» አለኝ። አዝኛለሁ፣ በእኔ የመጣ ነውና። እሱ ግን አልወቀሰኝም። ሚስተር ናያር ቤት አንድ ረቡዕ ሄዶ ነበር። መጀመሪያ ከስድስቱ አንዱ የሆነውን የቬዳንታን ሐሳብ ተናገር ቢሉት አልሆንልህ ብሎት ተናድዶ ተመለሰ፤ ሦስት ሳምንት ቆይቶ እንደገና ሄደ።

ሰባቱን ደብተሮች ልናሳትማቸው ነው። በአማርኛ የተማሩ አንድ ኤርትራዊ ጡረተኛ እየተየቡልን ነው፤ የፊደል ስህተትህን እያረሙ ይስቁብሃል። በሰባተኛው መጨረሻ ላይ ምን እንደምናደርግ ተጨነቅን። አንድ ሰው ፓስተሩ መልስ ቢጽፉበት አለ። እኔም ራሴ ሞክሬያለሁ። ሦስት ቀን ተቀምጬ፣ ማለቴ ተነሥቼ ተቀምጬ፣ የቻርቫካን ጥያቄ ባንተ ስም መለስኩ። ጥሩ መልስ ነበር። አንብቤ ስጨርስ ግን የእኔ ድምፅ ነው፣ ያንተ የለበትም። ቀደድኩት። ምዕራፉ እንዳለ ይታተማል።

ግርማዬ፣ እኔ እንደምንገናኝ አምናለሁ። አንዳንድ ቀን በእርጋታ አምናለሁ፣ አንዳንድ ቀን ግን ከራሴ ጋር እየተጣላሁ ነው የማምነው። እንደ ድሮው አልተረጋጋሁም፣ የምረጋጋም አይመስለኝም። ላንተ ግን ሰላም ያገኘሁ መስዬ አልጽፍልህም።

አስታውስሃለሁ ብዬ ቃል ስገባ የምገባልህ ይህን ነው። አምኖ ነው የሞተው የሚሉኝ ይመጣሉ፣ ያንን መስማት እንደ ውሃ ይጠማኛል፤ ቢሆንም አልቀበልላቸውም። ክዶ ነው የሚሉኝም ይመጣሉ፣ ለእነሱም አልለቅህም። ካንተ ጋር ሠላሳ አንድ ዓመት የኖርኩት እኔ ነኝና፣ ሳላሳምርህና ሳላርምህ፣ ለእኔ በሚመቸኝ ሳይሆን አንተ ራስህ ብትሰማኝ «አዎ አስቱ፣ እኔ ነኝ» በምትለው ልክ፣ እስክሞት ድረስ ስላንተ እናገራለሁ።

ባለቤትህ አስቴር
ከክሪስታል